እምቢተኛዋን ፍለጋ ሁሩታ

በአዳማ ሆቴሎች አዳራሽ ያልሰለጠነ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ወይ ገና አልተቀጠረም፣ ወይ ከአለቃው ጋር ተኳርፏል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ከቢሮው ሲጠፋ «ታሞ ይሆን?» ከመባሉ በፊት «ናዝሬት ወርዶ ነዋ!» ይባላል። የአዳራሾቹ ነገር ደግሞ አንዱን ያየ ሁሉንም አየ ነው፤ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች፣ ከረሜላ የያዘ ሳህን፣ የማይጽፍ ማርከር፣ ከማይጽፈው ማርከር አጠገብ የተቀመጠ ሌላ የማይጽፍ ማርከር። ስለ ስንዴ ዋግ ይሁን ስለ ንብረት ቆጠራ፣ ስልጠናው የሚከፈተው ፍሊፕ ቻርት ላይ በሚጻፍ «የጋራ ስምምነት» ነው። የመጀመሪያው ስምምነት ስልክ መዝጋት ነው። ተሰብሳቢው ይህን የሚያጸድቀው ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው።

እኔ የተጠራሁት ለመጻፍ ነው። ወጣት ሐኪሞች፣ ልጅ ለማስከተብ ከሚያመነቱ ቤተሰቦች ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚማሩበት ስልጠና ነበር። «ዳር ተቀምጠህ ትታዘባለህ፤ በመጨረሻ አንድ የስኬት ታሪክ ትጽፍልናለህ» አለኝ የጋበዘኝ ሰው። ዳር መቀመጥ ከልጅነቴ የተካንኩበት ሙያ ነው፤ ሰርግ ላይ እንኳ የምገኘው ከድንኳኑ ጫፍ፣ ለወጥ ቤቱ በሚቀርበው በኩል ነው።

ነገሩ የተበላሸው ሞጆ ላይ ነው። እምቢተኛ አባት ሆኖ እንዲጫወት የተቀጠረው ተዋናይ የተሳፈረበት መኪና እዚያው ቆሞ ቀረ። አሠልጣኟ ስልኩን ዘግታ አዳራሹን በዓይኗ ስትቃኝ ቆየችና እኔ ላይ አረፈች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ባስቸግርስ?»

«እኔ እኮ ትወና አልችልም።»

«መቻል አይጠበቅብዎትም። ፊትዎ ራሱ እምቢ ይላል።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ተነሣሁ። አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ የስድስት ልጆች አባት፣ አርሶ አደር፣ ስድስተኛ ልጁን ላለማስከተብ የወሰነ ሰው ሆኛለሁ። ምክንያቶቼ በተራ ቁጥር ተዘርዝረዋል።

ወደ ትወናው ከመግባታችን በፊት አሠልጣኟ ዘዴውን አስረዳች። የዘዴው አባት ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ሲጽፍ ሐሳቡ ጠጪዎች ላይ ነበር። ጠጪን «ተው» ባልከው ቁጥር ስለ መጠጥ ጥሩነት ራሱን ሲያሳምን ይውላል፤ ከመከራከር ይልቅ ጠይቀኸው የመተዉን ምክንያት ከራሱ አፍ ካወጣኸው ግን የሚያምነው የገዛ ቃሉን ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በካናዳዋ ኩቤክ አርኖ ጋኞር የተባሉ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ዘዴ ማዋለጃ ክፍል አስገቡት። እናትየዋ ከአራስ አልጋዋ ሳትወርድ ስለ ክትባት ምን እንደምታስብ ይጠይቋታል፤ ለመናገር ፈቃዷን ይለምናሉ፤ የሚያውቁትን በአጭሩ ይነግሯታል፤ መልሰው ደግሞ «አሁንስ ምን ይመስልሻል?» ይሏታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የክትባት ማመንታትን ከአሥሩ የዓለም ጤና ሥጋቶች አንዱ ብሎ ከመዘገበ ወዲህ እንዲህ ያለው ስልጠና በየአገሩ ተዳርሷል። እኛም ዘንድ ደረሰና እነሆ እኔን እምቢተኛ አደረገኝ።

መጀመሪያ የቀረበኝ ዶክተር ቀጭን መነጽር ያደረገ ፈጣን ልጅ ነው። ጠይቅ የተባለውን ረስቶ «ክትባት የመንግሥት ፖሊሲ ነው» ብሎ ጀመረ።

«ማዳበሪያውም ፖሊሲ ነበር፤ ዕዳውን ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከየት እንደመጣ እንጃ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። ጤነኛ ልጅ ለምን በመርፌ ይወጋል? የጎረቤቴ ልጅ ተከትቦ ሌሊቱን በትኩሳት ሲቃጠል አድሯል። ፈረንጅ በነፃ የሚሰጠው ነገር ምን አስቦ ነው? ሴቶቹን መካን ያደርጋል ይባላል። ይህ የመጨረሻው ያሠልጣኟ ፈጠራ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር በየትምህርት ቤቱ በር ሲወራ የነበረው ይኸው ነው። ናይጄሪያ ውስጥ በካኖ እ.ኤ.አ. በ2003 የፖሊዮ ክትባት እስኪቋረጥ ያደረሰው ወሬም የዚሁ ወንድም ነው። ወሬ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ቀጥሎ አንድ ረጅም፣ ዝም ያለ ዶክተር መጣ። «ስለ ክትባት ሲነሣ መጀመሪያ ምን ወደ ልብዎ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እየተሸነፍኩ እንደሆነ ገባኝ። ሽንፈት ደግሞ አልወድም።

«እሱን ተወውና፣ ዶክተር፣ አንተ የኮሮናውን ወዲያው ተከትበሃል?»

አዳራሹ ጭጭ አለ። የኮሮና ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሲጀመር ከፊት የተሰለፉት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ መሰለፍ የነበረባቸው ሁሉ ግን አልተሰለፉም። ረጅሙ ዶክተር ራሱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት? ጓደኞቼ ተከትበው ምን እንደሚሆኑ እስካይ ጠብቄያለሁ» አለ። ከኋላ አንዷ «እኔም!» አለች፤ ሌላውም ሳቀ። አሠልጣኟ ማርከሯን አስቀመጠችና «አሁን ገና ስልጠናው ተጀመረ» አለች። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው በረከተና ሻይ ይዘው የገቡት አስተናጋጆች ሳይቀሩ ትሪያቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ።

መዘዙ የመጣው ከእነዚያ አስተናጋጆች አንደኛው ጋር ነው። ማታ ማኪያቶዬን ሲያመጣልኝ ሄደት አላለም።

«ጋሼ፣ ዛሬ የተናገሩት አንጀቴ ውስጥ ነው የገባው።»

«የቱ?»

«የክትባቱ። ባለቤቴ በቅርብ ነው የወለደችው። እናቷ ዘንድ ልትታረስ ሁሩታ ሄዳለች። ልጁ ስድስት ሳምንት ሊሞላው ነው። በሻይ ሰዓት ደውዬ ‹እንዳታስከትቢ› አልኳት።»

ማኪያቶው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። «ትወና እኮ ነው!» አልኩት።

«ትወና ቢሆን እንደዚያ አያምርም።»

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። «ይኸው፣ የምለው ሁሉ ተጽፎ የተሰጠኝ ነው።» ወረቀቱን ተቀብሎ ተራ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ዓይኑ ፈጠጠ። «ተጽፏል እንዴ? ከተጻፈማ እውነት ነው!»

አሠልጣኟን ጠራኋት። በተማርነው ዘዴ መሠረት ጠየቀችው፣ ፈቃዱን ለመነችው፣ የምታውቀውን አካፈለችው። እሱ በጨዋነት ሰምቷት ሲያበቃ «እርስዎም ጥሩ ተናግረዋል። የጋሼ ግን በለጠ» አለ። ክርክሩ በጭብጨባ ብዛት የሚዳኝ መስሎት ነበር። ያቺን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ የማላውቀው ሕፃን ሁሩታ ላይ በእኔ ምላስ ሊታመም ነው።

ደግነቱ የስልጠናው የመስክ ልምምድ ከተያዘባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያው ሁሩታ ዙሪያ ነበር። ከረጅሙ ዶክተር ጋር አንድ መኪና ተመደብኩ። ምስጢሬን ነገርኩት። «ጥሩ ነው፤ እውነተኛ እምቢተኛ ቤተሰብ አገኘን» አለና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ሐኪም እንዲህ ነው፤ የሰው ጭንቅ ለእርሱ ኬዝ ነው።

ሾፌራችን የወንጂ ልጅ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሲስቅ ግን ከንፈሩን በእጁ ይሸፍናል። መልካሳን እንዳለፍን የጉዟችንን ምክንያት ጠየቀ። ስንነግረው እጁን ከአፉ አነሳና ጥርሱን በመስታወቱ አሳየን፤ ቡናማ ነው፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ።

«ይኼ ምን ይመስላችኋል? ጫት አይደለም። ውሃ ነው። ‹የወንዙን አትጠጡ፣ ይኸው ንጹሕ ውሃ ቆፈርንላችሁ› ተባለ። ጠጣን። ጥርሳችን እንዲህ ሆነ፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ወገቡም ጎበጠ። ታዲያ ‹ይኸው ንጹሕ መርፌ› ሲባል ሰው ትንሽ ቆም ብሎ ቢያስብ ይፈረድበታል?»

ረጅሙ ዶክተር መልስ አልነበረውም፤ ሰውየው ያለው እውነት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ በወንጂ ሸንኮራ እርሻ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ የነበራቸው ናቸው። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለሠራተኛው ስለ ባክቴሪያ እንጂ ስለ ፍሎራይድ የነገረው አልነበረም። ሐኪሙ ማስታወሻው ላይ «ታሪካዊ ያለመተማመን» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከዴራ ሽቅብ ስንወጣ የዶዶታ ቆላ ግራር ወደ ኋላችን ቀረና የስንዴው አገር ተከፈተ። የአጨዳ ወር ነው። ከፊታችን አንድ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ያዘግማል፤ ማለፍ አይቻልም፣ ጥሩንባም አይሰማም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከገለባ ጫኝ ጋር ወግ ጀመረ። እኔ ለአዳማ ሙቀት ብዬ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው የለበስኩት፤ የአርሲ ንፋስ ክንዴን ይለበልበው ጀመር። በመጨረሻ እኔና ሐኪሙ በአጠገባችን ያለፈ ጋሪ ለመንን። ባለጋሪው የሐኪሙን ቁመት ገርምሞ «እሱ ከኋላ ይቀመጥ፤ ፈረሴ ይጨንቀዋል» አለ። የሎዴ ሔጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሁሩታ የገባነው በዚህ ሁኔታ ነው፤ እኔ የባለጋሪውን ጋቢ ለብሼ፣ ዶክተሩ እግሩን ወደ ኋላ አንጠልጥሎ አስፋልቱን እየጠረገ።

በጋሪው ላይ ሳለን እኔም የራሴን ንድፈ ሐሳብ አበጅቼ ነበር። ይህ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት የተቋቋመበት ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርት ጨመረ። መሬቱ ትርፍ ማምጣቱን ያየው ባላባት ግን ትራክተር እያስገባ ብዙ ጭሰኛ አፈናቀለ። እንግዲህ የሕፃኑ አያት «መልካም ነገር ይዘን መጣን» የሚል ሰው ሲመጣ በሩን ብትዘጋ ምን ይገርማል? ውሃው አለ፣ ትራክተሩ አለ፣ የአማቿ ስልክ አለ። የምጽፈው ጽሑፍ መዋቅሩ ሳይቀር በጭንቅላቴ አለቀ። የቀረኝ እምቢ የምትል ሴት ብቻ ናት።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ አራስ ያለበት ቤት አይደበቅም። ውሻው ግን ስለ ስልጠናችን የሰማው ነገር አልነበረም። ሐኪሙ በአንድ እርምጃ አጥሩን ተሻገረ። እኔ ጋቢው እግሬ ላይ ተጠምጥሞ እዚያው ቀረሁ። አዴ፣ የአራሷ እናት፣ ወጥተው ውሻውን በአንድ ቃል አስተኙትና «ግቡ፣ ግቡ፤ እንግዳ ውጭ አይቆምም» አሉ።

ገንፎ ቀረበ። ቡና ተቆላ። ረጅሙ ዶክተር አንድ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠራረገና «አዴ፣ ስለ ልጁ ክትባት ብንጫወት ይፈቅዱልናል?» አለ።

«ቡና ሳይፈላ?» አሉ አዴ።

ቡናው እስኪፈላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው ዋጋ፣ ስለ ኮምባይነሩ ኪራይ ተወራ። ዶክተሩ ዘዴውን አልረሳም፤ ባገኘው ክፍተት ሁሉ «እሱስ ምን ስሜት ይፈጥርብዎታል?» ይላል። አዴም ስለ ኮምባይነር ኪራይ የሚሰማቸውን ስሜት ሳይቆጥቡ ነገሩት። በሁለተኛው ቡና ላይ የግራ እጅጌያቸውን ከፍ አድርገው አንድ ክብ ጠባሳ አሳዩን።

«እኔ ክትባት የማውቀው እናንተ ሳትወለዱ ነው። የፈንጣጣ ነው ይኼ።»

ይህ ጠባሳ የዚያ ዘመን ሰው ክንድ ላይ አለ። አገሪቱ የፈንጣጣ ዘመቻ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ። ሥራው ቀላል አልነበረም። እኛ ዘንድ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ስለሆነ የሚገድለው ጥቂቱን ነው፤ በዚያ ላይ ከቁስሉ ወስደው ጤነኛውን የሚከትቡ የአገር ባለሙያዎች ከድሮ ነበሩ። ስለዚህ አንዳንዱ ቦታ ከታቢው ሲመጣ «የራሳችን አለን» ተባለ፤ ጎጃም ውስጥ የተባረረም አለ። ቢሆንም ከታቢዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሄሊኮፕተር እየዞሩ በ1968 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴን ውስጥ ዲሞ በተባለች መንደር የመጨረሻው ሕመምተኛ ላይ ደረሱ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም.፣ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ስድስት በሽታዎችን ይዞ ተጀመረ፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ።

«ታዲያ አዴ፣» አለ ሐኪሙ፣ ደብተሩን ከፍቶ፣ «ይህን ሁሉ እያወቁ የልጅ ልጅዎን ላለማስከተብ ምን አሳሰበዎት?»

አዴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቷ ሕፃኑን እያጠባች ትስቅ ጀመር።

«ማን አላስከትብም አለ?»

«ባለቤትሽ… ደውሎ…»

«ደወለ። ‹እንዳታስከትቢ› አለኝ። ‹እሺ› አልኩት። ለባል እሺ ይባላል። ልጁን አዝሎ የሚሄደው ግን ማን ነው?»

የእኔ የሌሊት ጭንቀት፣ የውሃው፣ የትራክተሩ፣ የጋሪው መከራ ሁሉ በዚህች ሳቅ ተበተነ። ዶክተሩ ግን አልተበተነም። «ካርዱን ላየው?» አለ። ካርዱ መጣ። ባዶ ነው። ሲወለድ መሰጠት የነበረበት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እንኳ የለም።

ታሪኩ አጭር ነው። ልጁ በተወለደበት ቦታ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የወለደችበት ዕለት የክትባት ቀን አልነበረም። «ሰኞ ነዪ» አሏት። የመጀመሪያ ሰኞዋን ገና ወገቧ ሳይጠና ሄደች። «ሌላ ልጅ አልመጣም፤ ለአንድ ልጅ ብልቃጥ አይከፈትም፤ ሐሙስ ነዪ» ተባለች። ሐሙስ ሄደች። ያኔ ደግሞ ክትባቱ አልቋል። ከዚያ ሁሩታ መጣች። እዚህ መውሰድ ስታስብ ካርዱ የሌላ ቦታ ስለሆነ የሚቆጧት መሰላት። የእኛዋ እምቢተኛ ይቺ ናት።

ረጅሙ ዶክተር የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስፈልጎ ጠራት። ከገጠር መንደር መንደር ስትዞር የዋለች፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ ሴት ናት። ከእ.ኤ.አ. 2003 ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ከተመደቡት፣ ቤት ለቤት የሚሄዱት፣ የዚህች አገር ክትባት በእግራቸው ላይ ከቆመባቸው እህቶች አንዷ። ስለ ብልቃጡ ሲጠይቃት ተነፈሰች።

«ዶክተር፣ የሳንባ ነቀርሳው ብልቃጥ 20 ልጅ ይከትባል። የኩፍኙ 10። ፔንታ የሚባለው ክትባት ፈሳሽ ስለሆነ ተከፍቶም ይቆያል፤ እነዚህ ሁለቱ ዱቄታቸው ከተበጠበጠ ግን በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቁ ይደፋሉ። ለአንድ ልጅ ከከፈትኩ የ19ኙን ደፋሁ። ወሩ ሳያልቅ ክትባት ያልቅብኛል፤ ሪፖርት ላይ ብክነት ይባላል። መመሪያው ለአንድ ልጅም ክፈቺ ይላል። ግን መመሪያው ብልቃጥ አይልክልኝም። ካልከፈትኩ ደግሞ እናትየዋ ሄደች ማለት ነው። የኩፍኙ በ9 ወር ነው። ሦስተኛው ፔንታ በ14 ሳምንት ካለቀ በኋላ ስንት ወር ጠብቃ የመጣችን ሴት፣ በአጨዳ ሰዓት፣ ‹ተመለሺ› ስላት መልሳ ትመጣለች?»

ከዚያ በኋላ ዶክተሩ ብዙ አልጻፈም። እኔ ግን ቁጥር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት 39 በመቶ ናቸው ብሎ ነበር። አንድም ያልወሰዱት 16 በመቶ። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በመሐል የቀሩት 45 በመቶ ግን እናቶቻቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ አዝለዋቸው ሄደዋል፤ መርፌውን አይተዋል፤ ተስማምተዋል። ከዚያ ግን አልጨረሱም። እነዚህን ሁሉ «አመነቱ» ብሎ መመዝገብ ይቀላል። እንዲያ ካልን ግን ማን ቀድሞ እንዳመነታ መጠየቅ አለብን። ብልቃጡ አመንትቷል። ቀጠሮው አመንትቷል። ኮሮና ጊዜ ሐኪሙም አመንትቷል። እናቲቱ በሰልፉ መጨረሻ ያለች ናት፤ ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ግን የእርሷ ማመንታት ብቻ ነው።

ይህን ስል ንግግር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በዚያው ቀን ጎረቤት ከሆነች ሴት ቤት ገባን። የእርሷ ልጅ የመጀመሪያውን ፔንታ ወስዶ ሌሊቱን በትኩሳት አድሮ ነበርና ሁለተኛውን ይዛ አልሄደችም። እዚህ ላይ ረጅሙ ዶክተር የተማረውን በደንብ ተጠቀመበት። አልተቆጣም። «ያን ሌሊት እንዴት አደራችሁ?» ብሎ ጠየቃት። ሁሉንም ነገረችው፤ ባሏ ውጭ እንደነበረ፣ ልጁን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች ብቻዋን እንዳነጋች። ሰማት። ከዚያ ፈቃዷን ጠይቆ፣ የልጁ ሰውነት ክትባቱን ሲቀበል አንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል፣ ምን ማድረግ እንዳለባት፣ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንዳለባት ነገራት።

«ይኼን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ አልደነግጥም ነበር» አለች።

ይኸው ነው። ይቺም ስለ ሴራ ሰምታ የፈራች አይደለችም። ለሌሊቱ ሳትዘጋጅ ብቻዋን የቀረች ናት። ዶክተሩ ዕድሜ ልኩን ለክትባት የመጡ እናቶችን አያገኝ ይሆናል፤ እኛ አገር መርፌውን የሚሰጡት ነርሷና ኤክስቴንሽኗ ናቸው፤ ሐኪሙ ጋ ልጁ የሚመጣው ሲታመም ነው። ነገር ግን ለጤና ጣቢያው ክትባት የሚልከው፣ የብክነቱን ሪፖርት የሚፈርመው፣ ኤክስቴንሽኗን የሚገመግመው ሰው የእርሱን ቃል ይሰማል። ስለዚህ ለሐኪም የሚሰጠው የንግግር ስልጠና ግማሹ ወደ እናቲቱ ከሆነ ግማሹ ወደ አለቃው መዞር አለበት። «ስለ ብልቃጡ ሲነሣ መጀመሪያ ምን ወደ ልብዎ ይመጣል?» ብሎ የመድኃኒት ማከማቻውን ኃላፊ መጠየቅ ይቻላል። ፈቃዱንም እየለመኑ።

ቀሪውን አዴ ጨረሱት። ኤክስቴንሽኗ በሚቀጥለው ሐሙስ ክትባት እንዳለ ስትናገር «በስንት ሰዓት?» አሏት። «በአራት።» «በአራት ሰዓት ሴቱ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። በአንድ ሰዓት አድርጊው፤ ልጆቹን እኔ እሰበስባለሁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። ሲመሽ ገና ያልተከተቡ የመንደሩን ሕፃናት በጣታቸው ቆጥረው ነገሩን። ብልቃጡን ለመክፈት የሚያሳፍር ቁጥር አልነበረም። እኔና ዶክተሩ በዚህ ሥራ ውስጥ የነበረን ድርሻ ቡና መጠጣት ነው።

ሐሙስ ጠዋት አስተናጋጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሚስቴ አስከትባዋለች አሉኝ! እሺ ብላኝ ነበር እኮ!» ድምፁ ቅር ያለው ይመስላል፤ ግን ወዲያው ዝቅ አድርጎ «ትኩሳት ቢኖረውስ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዶክተሩ የሰማሁትን ነገርኩት። ይህኛውን ያለ ወረቀት ነው የተናገርኩት። ስለዚህ ያመነኝ አይመስለኝም፤ የዶክተሩን ስልክ ሰጠሁት።

የስኬት ታሪኬን ጽፌ ላክሁ። የጋበዘኝ ሰው አንብቦ መልሶ ደወለ። «ቆንጆ ነው፤ ግን የምታመነታዋ እናት የታለች?» አለኝ። አልነበረችም አልኩት። «እንዴ! የስልጠናው ርዕስ እኮ እሷ ናት። ቢያንስ ሐኪሙ ያሳመነበትን አረፍተ ነገር ጨምርበት፤ አንባቢ የሚያስታውሰው እሱን ነው» አለ። በሐሳቡ ተስማምቼ ጨመርኩበት። አረፍተ ነገሩ የኤክስቴንሽኗና የአዴ ቢሆንም በሐኪሙ ስም እንዲገባ ሐኪሙ ራሱ ፈቅዷል፦ «ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ የመጣው ልጅ አንድም ቢሆን፣ ብልቃጡ ይከፈታል።»